ርብ የሚወጣበት ቀን

አጎቴ ለሃያ ዓመት ያህል በቀን ሁለት ጊዜ ወንዝ ሲያዩ ኖረዋል። ጠዋት 12 ሰዓት አንዴ፣ ማታ 12 ሰዓት አንዴ። ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን ስትሄዱ ርብ ወንዝን የምትሻገሩበት ድልድይ አለ። እዚያ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ውሃው ውስጥ ቆሟል። አጎቴ ውሃው የደረሰበትን ቁጥር ያነባሉ፤ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ፤ ወር ሲሞላ ደብተሩን ይልካሉ። የሚከፈላቸው ከሻይና ከባትሪ ድንጋይ ብዙም አይተርፍም ነበር። ግን አንድ ቀን ሲያስታጉሉ አላየሁም። ለቅሶ ከሄዱ እኔን ይተኩኛል። «ቁጢጥ ብለህ እይ። ቆመህ ካየኸው ይሸውድሃል» ይሉኝ ነበር።

ደብተሩ አራት ዓምድ ነበረው። ቀን፣ የጠዋት ንባብ፣ የማታ ንባብ፣ አስተያየት። የመጨረሻው ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። ነሐሴ ላይ ግን በአጎቴ ደቃቅ ጽሕፈት ሁለት ቃል ይሰፍርበታል። «ወንዙ ወጣ።»

ልጅ ሆኜ አንድ ነገር ግር ይለኝ ነበር። ሐምሌ ላይ ቁጥሩ በአንድ ሌሊት ዘሎ ያድራል። «ወንዙ ወጣ» በተባለ ቀን ግን ፈቀቅ አይልም ማለት ይቻላል። ጉና ላይ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል። ወንዙ ያገሳል። ሜዳው ባሕር ሆኗል። የሰሌዳው ንባብ ግን ከትናንቱ ቢበልጥ በሁለት በሦስት ጣት ነው። «ጋሼ፣ ውሃው እንዲህ ሞልቶ ቁጥሩ ለምን አይጨምርም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ወጣ አልኩህ እኮ» አሉኝ። «ከመለኪያው ወጣ።»

የነገሩኝ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የውሃ ምህንድስና ተምሬ፣ ቢሮ ቁጭ ብዬ እነዚያኑ ንባቦች ኮምፒውተር ላይ ሳስገባ። ወንዝ አልጋው ውስጥ እስካለ ድረስ ውሃ ሲጨምር ከፍታውም ይጨምራል። ዳርቻውን ካለፈ በኋላ ግን ወደ ላይ ማደጉን ትቶ ወደ ጎን ይሰፋል። የሰሌዳው ቁጥር ቆመ ማለት ነው። ከዚያ ቁጥር ተነስተን የምናሰላው ፍሰትም አብሮት ይቆማል። ሜዳው ላይ የተኛው ውሃ መዝገብ ውስጥ አይገባም።

ረግረጉ የሚኖረው ደግሞ በዚያ ባልተመዘገበው ውሃ ነው።

ግድብ ሲሠራ ለወንዙ መቅረት ያለበት ትንሹ ውሃ «ዝቅተኛ ፍሰት» ይባላል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ «ለወንዙ ዝቅተኛ ፍሰት ተወስኗል» የሚል ሰነድ ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይይዘኛል። ለየትኛው ወንዝ? አልጋው ውስጥ ላለው ነው፣ ወይስ ለሚወጣውም?

ይህ ሁሉ የሚሆንበትን የፎገራን ሜዳ ለማያውቅ ትንሽ ላስረዳ። ርብና ጉማራ ሁለቱም ከጉና ተራራ ይነሳሉ። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ጣና 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። ወንዞቹ ከላይ ተንደርድረው ይወርዱና ጣና ሊደርሱ ሲሉ እንደ ምጣድ የተዘረጋ ሜዳ ይገጥማቸዋል። እዚያ ላይ ይደክማሉ። የተሸከሙትን ደለል ይጥላሉ። ከዓመት ዓመት አልጋቸው ራሱ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ክረምት ሲጠነክር ሞልተው ይወጣሉ። ሸሸርና ወላላ በዚህ ሜዳ ላይ ያሉ ሁለት ጎድጓዳ ረግረጎች ናቸው። ዋናው ቀለባቸው የወንዝ ሙላት ነበር።

ውሃው ሲወጣ ብቻውን አይወጣም። አምባዛ ተከትሎት ይወጣል። አምባዛ እንቁላሉን የሚጥለው አዲስ ውሃ በተኛበት ሣር መካከል ነው። ጫጩቶቹ ጥልቀት በሌለው ሞቃት ውሃ ያድጋሉ። የሚበሉት ሞልቶ ነው፤ የሚበላቸው ትልቅ ዓሣ ደግሞ እዚያ እንደ ልቡ አይገባም። ውሃው ወደ ወንዙ ሲመለስ እነሱም ይመለሳሉ። የቀረው ኩሬ ውስጥ ይቀራል። ጥቅምት ላይ እኛ ልጆች ጉልበታችን ድረስ ጭቃ ገብተን በእጃችን የምንይዘው እሱን ነበር። አምባዛ ያዳልጣል። በጣት ስትጨብጠው ሽው ይላል። ጭንቅላቱን ከሁለቱ ጎን በመዳፍ አፍነህ ወደ ጭቃው መጫን አለብህ። ክንፉ ላይ ያለው እሾህ ከወጋህ ሳምንት ይጠዘጥዝሃል። የቀኝ አውራ ጣቴ ሥር እስካሁን ጠባሳ አለ።

ነጩ ዓሣ ሌላ ነው። ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ፣ በዓለም ላይ ሌላ የትም የሌሉ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ከነሱ የተወሰኑት ክረምት ላይ ወደ ጉማራና ርብ ሽቅብ ይወጣሉ፤ ጠጠር ላይ፣ ንጹሕ ውሃ በሚፈስበት ቦታ እንቁላል ይጥላሉ። እነሱ የሚፈልጉት ሜዳውን ሳይሆን የወንዙን ልብ ነው። የወንዝ አፍ በደረቀበት፣ ጠጠሩም በደለል በተቀበረበት ግን መንገዱ ይዘጋባቸዋል።

ከዚያ ደግሞ ከብቱ አለ። የፎገራ ላም በወተቷ ስሟ የታወቀ ነው። ውሃ የተኛበት ሜዳ ላይ መዋል የለመደች ናት። መስከረም ጠብቶ ውሃው እየሸሸ ሲሄድ በእግሩ ተከትሎት ለምለም ሣር ይወጣል። የደጋው ሰው ድርቆሽ መቆጠብ ሲጀምር እኛ ዘንድ ገና ግጦሽ ነበር። ውሃው የለቀቀው ጥቁር መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ያለ ዝናብ፣ መሬቱ በያዘው እርጥበት ብቻ ይበቅላል። ለአያቴ ክረምቱ አበቃ ማለት ዝናቡ ቆመ ማለት ብቻ አልነበረም። ሸሸር ማሳዋን መለሰላት ማለትም ነበር።

ወፎቹን ሳልጠቅስ አላልፍም። ራሷ ላይ ወርቃማ አክሊል የመሰለ ላባ ያላት ረጅሟ ጥቁር ወፍ ለክረምቱም ለበጋውም የእኛ ናት። ክፍት ረግረግ ካላገኘች ጎጆ አትሠራም። በጋ ላይ ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹ ዘመዶቿ በሺዎች ይመጣሉ። ማታ ወደ ውሃው ሲመለሱ የሚያሰሙት ድምፅ ከእኛ ቤት ይሰማ ነበር። አባቴ በራታችን ሰዓት ሬዲዮኑን ዝቅ ያደርግላቸው ነበር።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልመለስ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ አንድ ግድብ የተጠራ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። የትኛው እንደሆነ ልተወው። ሰነዱ ወፍራም ነው። ከ200 ገጽ በላይ። ስለ ታችኛው ተፋሰስ የሚያወራው ክፍል ላይ ስንደርስ «ከአማካይ ዓመታዊ ፍሰት 10 በመቶ ለአካባቢ ይለቀቃል» የሚል አንድ መስመር ብቻ አገኘን። አቅራቢው አነበበው፤ ገለበጠው፤ ወደ ሚቀጥለው ርዕስ አለፈ። እጄን አወጣሁ። «10 በመቶው ከየት መጣ?» አልኩ። «ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው» ተባልኩ። ሻይ ሰዓት ደርሶ ስለነበር በዚያው ቀረ።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ላውራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1976 ዶናልድ ቴናንት የሚባል አሜሪካዊ የዓሣ ባለሙያ አንድ ሠንጠረዥ አሳተመ። በሞንታና፣ በዋዮሚንግና በነብራስካ ወንዞች እየገባ ወርዳቸውን፣ ጥልቀታቸውንና ፍጥነታቸውን ለክቶ ነበር። ከአማካይ ፍሰቱ 10 በመቶ ከቀረ፣ አለ፣ አብዛኛው ዓሣ ለጥቂት ጊዜ ነፍሱን ያቆያል። ነፍስ ማቆያ ማለት ነው። 30 በመቶ ሲሆን ደህና ይኖራል። 60 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ይመቸዋል። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የመጀመሪያውን ነው። የዚያው ሠንጠረዥ የመጀመሪያ ረድፍ ላይ ግን ሌላ ቁጥር አለ። 200 በመቶ። ወንዙ ራሱን የሚያጥብበት ፍሰት ነው ይለዋል። እንግዲህ ሰውየው ራሱ ወንዝ በቁንጥር ብቻ ይኑር አላለም። አንዳንዴ ከአማካዩ እጥፍ እንዲመጣለት ጽፏል። እኛ ለግድቡ የሚመቸውን ረድፍ ቆርጠን ወሰድን።

ለሐኪም ብትነግረው ይገባዋል። ሰው በምን ያህል ምግብ ሳይሞት መቆየት እንደሚችል ማወቅ አንድ ነገር ነው። ያንን የዕለት ቀለቡ አድርጎ መወሰን ሌላ ነው።

አማካይ የሚባለው ነገርም ራሱን ችሎ ጣጣ ነው። ይህን ጢስ ዓባይ አስተምሮናል። የድሮው አንድ ብር ጀርባ ላይ ያለው ፏፏቴ ማለቴ ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ባሕር ዳር ላይ ጨራጨራ የሚባል መቆጣጠሪያ አለ። በ1988 ዓ.ም. ገደማ በሁለት በር ተጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 አምስት ተጨምረው ሰባት ሆኑ። በዚያው ዓመት ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ፏፏቴው ላይ ይወርድ የነበረው ውሃ አብዛኛው ወደ ተርባይኑ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2003 ጣና ራሱ ክፉኛ ወርዶ ጀልባዎች መንቀሳቀስ አቅቷቸው ነበር። ውሃው በሸሸበት ዳርቻ ላይ ሰው አረሰ። ከዚያ ግንቦት 2002 ዓ.ም. ላይ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ተመረቀ፤ የሐይቁ ውሃ ከተራራ በታች በዋሻ ተሻግሮ ወደ በለስ ወንዝ መውረድ ጀመረ።

መብራቱን አልጠላም። ይህን የምጽፈው በመብራት ነው። ግን ቁጥሮቹን አብረን እንያቸው። ተመራማሪዎች ፏፏቴው ያለበት የወንዝ ክፍል ሳይሞት እንዲቆይ ምን ያህል ውሃ እንደሚያስፈልገው አጥንተው ነበር። በዓመት በአማካይ 862 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አሉ። ይህ ከተፈጥሮ ፍሰቱ 22 በመቶ ነው። ከ627 ሚሊዮን መውረድ ግን የለበትም አሉ። የጣና በለስ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ደግሞ ለፏፏቴው የመደበለት በሰከንድ በአማካይ 17 ሜትር ኩብ ነው፤ መቼም ቢሆን ከ10 እንዳያንስ ይላል። 17ን በዓመቱ ሰከንዶች ሳባዛው ወደ 536 ሚሊዮን ሜትር ኩብ መጣልኝ። ሁለቴ አባዛሁት። ከወለሉ በታች ነው። «አማካይ» ተብሎ የተመደበው ከዝቅተኛው አንሷል።

ደግሞ አስቡት፤ ጢስ ዓባይ ቱሪስት የሚያየው፣ ብር ላይ የታተመ ፏፏቴ ነው። የሚሟገትለት አለው። ለሸሸርስ ማን ቁጥር ጻፈ?

ሸሸር እ.ኤ.አ. በ1987 ከ1,500 ሄክታር በላይ ውሃ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2008 የቀረው 136 ሄክታር ነው። ወላላ ከ298 ወደ 159 ወረደ። ይህ ከሳተላይት ምስል የተለካ ነው። እኔ ግን በሌላ መንገድ ነው ያወቅሁት። አንድ ኅዳር ላይ እረፍት ወጥቼ ስሄድ፣ ጓደኛዬ የሰጠመበትና ጎትተን ያወጣነው ቦታ ላይ አንድ ሰው በሬ ጠምዶ ያርሳል። በትልሙ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ይበተናል። ጠጠር መስሎኝ ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። የቀንድ አውጣ ቅርፊት ነበር። እፍኝ ሙሉ ለቀምኩ። ጥፍር የሚያክሉ፣ ባዶ፣ በጣት ሲጫኗቸው የሚደቅቁ።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ሰው በዛ፤ መሬት ጠበበ። ከ40 ዓመት በፊት ገደማ ጅግናና ሻጋ ላይ የተሞከረው ሩዝ ዛሬ የፎገራን ሜዳ ይዞታል። ሩዙ ብዙ ቤት አቁሟል፤ የእኔንም የትምህርት ቤት ወጪ ሸፍኗል። ስለዚህ በሩዝ ላይ ክፉ አልናገርም። ረግረጉ በቦይ ተጠንፍፎ ታረሰ። የካቲትና መጋቢት ላይ የርብና የጉማራ ዳርቻ በውሃ ሞተር ይሰለፋል። ቲማቲም፣ ሽንኩርት። ሞተሩ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮሃል። በአንድ መጋቢት ርብን በጫማዬ ተሻግሬዋለሁ። ካልሲዬ አልረጠበም።

ከዚያ ክትሩ መጣ። ጎርፍ ለመከላከል ተብሎ በወንዙ ግራና ቀኝ አፈር ተቆለለ። ወንዙን ከሸሸርና ከወላላ ጋር ያገናኙ የነበሩት መጋቢ ቦዮች ተዘጉ። ከላይ ደግሞ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘው የርብ ግድብ አሥር ዓመት ያህል ፈጅቶ ተጠናቀቀ። ግድቡ ከሱ በታች የሚገቡትን ገባሮች አይዝም፤ ወንዙ አሁንም ይሞላል። ግን የላይኛውን ክረምት ይዞ ለበጋ ማስቀመጥ ሥራው ነው። የሚይዘው ክረምት ደግሞ አጎቴ «ወንዙ ወጣ» ብለው ይጽፉት የነበረውን ነው።

እዚህ ላይ መስማት ያለብኝን ሰምቻለሁ። ያን የሚያርሰውን ሰው ስለ ረግረጉ ሳወራው በሬዎቹን አቁሞ አዳመጠኝ። ሲበቃው «አንተ ጎርፉ የናፈቀህ እዚህ ስለማታድር ነው» አለኝ።

ልክ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ ፎገራና ሊቦ ከምከም በጎርፍ ተጥለቅልቀው ሰው ሞቷል፤ ከብት አልቋል፤ ቤትና የእህል ጎተራ ሄዷል። ሕዝቡ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልሎ ከረመ። የእናቴ ጎረቤት ሕፃን ልጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ውሃ እስከ ደረቷ ደርሶ ተሻግራለች። እሷ ፊት ቆሜ «ጎርፍ ለሥነ ምኅዳር ይጠቅማል» የምል ሰው አይደለሁም።

የምለው ሌላ ነው። ጎርፍና ሙላት አንድ አይደሉም። ጎርፍ ድንገት የሚመጣ፣ ማንን እንደሚወስድ የማይታወቅ ነው። ሙላት ግን ጊዜ አለው፣ መንገድ አለው፣ የሚተኛበት ቦታ አለው። ክትሩ ሁለቱንም አንድ ላይ ዘጋቸው። ክትር ሲሰበር ደግሞ ምን እንደሚመጣ ሜዳው ላይ ያሉት የናቤጋና የዋገጠራ ቀበሌዎች ሰው ከእኔ የበለጠ ያውቃል። ውሃው ወደ ሸሸር የሚገባበት በር ተከፍቶለት ቢሆን ኖሮ ወደ ሰው ቤት የሚሄደው ያንሳል። ረግረግ ውሃ ማሳደሪያ ነው። ማሳደሪያውን አርሰን ውሃውን የት እደር ልንለው ነው?

ግድብ ካለ ደግሞ ሙላትን በቀጠሮ መልቀቅ ይቻላል። ይህ ሕልም አይደለም፤ ሌሎች ሞክረውታል። ዛምቢያ ውስጥ ካፉዌ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ኢቴዚ ቴዚ የሚባል ግድብ ሲሠራ፣ በየመጋቢቱ ለአራት ሳምንት በሰከንድ 300 ሜትር ኩብ የሚለቀቅ ውሃ አስቀድሞ ታስቦበት ነው። የታችኛው ሜዳ እንዲሞላ ተብሎ ግድቡ ራሱ ከፍ ተደርጎ ተሠራ። አለቃቀቁ እንደታሰበው አልሄደም፤ ሜዳው ላይ የሚኖረው ሌችዌ የሚባለው የዱር እንስሳ ቁጥሩ ብዙ ቀንሷል። ቢሆንም ሙላቱ ገና ከንድፉ ጀምሮ ድርሻ ነበረው።

እኔን ይበልጥ የሚስበኝ የደቡብ አፍሪካው ፖንጎላ ነው። ፎገራን የሚመስል ቦታ ነው። ከሞዛምቢክ ድንበር አጠገብ፣ በሙላት የሚሞሉ ትናንሽ ኩሬዎች ያሉበት ሜዳ ነው። ሰው ዓሣ ያጠምዳል፤ ከብት ያግዳል፤ ውሃው ሲሸሽ ይዘራል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከላይ ግድብ ተሠራ። ውሃ ሲለቀቅ ያልተጠየቀው ገበሬ ሰብሉ ይሰጥምበት ነበር። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የውሃ ኮሚቴዎች ተቋቋሙ። ዓሣ አጥማጁ፣ ከብት አርቢው፣ ሴቶቹ፣ የጤና ሠራተኛው ወኪል አላቸው። ሙላቱ መቼ ይለቀቅ የሚለውን ቁጭ ብለው ተከራከሩበት። ዓሣ አጥማጁ ቶሎ ይምጣ ይላል፤ ገበሬው ካጨድኩ በኋላ ይላል። መጣላታቸው አልቀረም። ግን የተጣሉት ስለ ቀኑ ነበር።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ቃል ተገብቶ ያውቃል። ጊቤ ሦስት ሲሠራ ለታችኛው ኦሞ ሕዝብ ሰው ሠራሽ ሙላት እንደሚለቀቅ ተነግሮ ነበር። ግድቡ በ2007 ዓ.ም. ውሃ መያዝ ሲጀምር፣ ሙላቱ የተወውን እርጥብ መሬት ጠብቀው ማሽላ ይዘሩ የነበሩ ሰዎች ያን ሙላት አላዩትም። ቃሉ ሰነድ ውስጥ ነበር። ቀን የቆረጠለት፣ የሚጠየቅበት ሰው ግን አልነበረም።

በወረቀት ደረጃ እንኳ ደሃ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የውሃ ሀብት ፖሊሲያችን ውሃ ሲደለደል ለሰውና ለእንስሳት መሠረታዊ ፍላጎት እንዲሁም ለአካባቢ የሚቀመጠው መጠባበቂያ ከሁሉ ይቅደም ይላል። ይህን ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር። «ለአካባቢ» የሚለው ቃል ግን ማሳ ላይ ሲወርድ ምን ማለት ነው? ርብ ላይ እኔ እንዲህ ነው የምረዳው። በጋ ላይ ሞተሩ ሁሉ ጠጥቶ ሳይጨርሰው ወንዙ እስከ ጣና ድረስ ሳይቆረጥ ይሂድ፤ የሚቀጥለውን ክረምት የምትወልድ አምባዛ የምትቆይበት ኩሬ ይቅር። ይህ ዝቅተኛው ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ጉና ላይ ሲዘንብ፣ ከግድቡ የሚለቀቀው ከታችኞቹ ገባሮች ሙላት ጋር ተገጣጥሞ ወንዙን ለጥቂት ቀን እስከ አፉ ይሙላው። ክትሩ ላይ ወደ ሸሸርና ወደ ወላላ የሚወስድ በር ይከፈት፤ ቁልፉም ሜዳው ላይ በሚያድር ሰው እጅ ይሁን። ቀኑን ከሩዝ ገበሬው ጋር ተነጋግሮ መቁረጥ ይቻላል፤ ሩዙ ሥር ሳይዝ የመጣ ጥልቅ ውሃ እንደሚያጠፋው፣ ከቆመ በኋላ ግን ውሃ እንደሚወድ እሱ ያውቃል። ለተመለሰው ረግረግ መሬቱን የለቀቀ ደግሞ ካሳ ይገባዋል። በምኞት ብቻ ማንም ሽምብራውን አይተውም።

ጣና ሲነሳ ዛሬ ሁሉም ሰው እምቦጭን ያነሳል። ይነሳ። ግን ደለሉንና ከማሳ የሚታጠበውን ማዳበሪያ ሐይቁ ሳይደርስ ይይዝ የነበረው ያ ረግረግ እንደነበር አብሮ ቢነሳ እወዳለሁ።

ለዚህ ሁሉ ግን አንድ ቁጥር ያስፈልጋል። ወንዙ የሚወጣበት ቁጥር። ስንት ሲደርስ ነው ዳርቻውን አልፎ ወደ ሸሸር የሚገባው? የቢሮውን ፋይል አገላበጥኩ። የ10 በመቶ ስሌት አለ። የድልድይ ስሌት አለ። በመቶ ዓመት አንዴ ይመጣል የሚባለው ጎርፍ ስሌት አለ። ይህ የለም። የአጎቴ ደብተሮች ኮምፒውተር ላይ ሲገለበጡ «አስተያየት» የሚለው ዓምድ ቀርቷል፤ ቁጥር ስላልሆነ ፕሮግራሙ አይቀበለውም ተባልኩ።

ባለፈው ሐምሌ አጎቴን ይዤ ወደ ድልድዩ ወረድኩ። አሁን ምርኩዝ ይዘዋል። ዓይናቸው ደክሟል። ሰሌዳው ዝጓል፤ የላይኛው ክፍል ቀለሙ ተልጦ ቁጥሩ አይነበብም። ውሃው ቡናማ ሆኖ፣ ቅጠልና ጭራሮ እያንከባለለ ከታች ይሄዳል። «ጋሼ፣ ድሮ ስንት ሲደርስ ነበር የሚወጣው?» አልኳቸው።

መልስ ሳይሰጡኝ ቀስ ብለው ቁጢጥ አሉ። ያዝኳቸው። ምርኩዛቸውን በድልድዩ መደገፊያ ብረት መካከል አሾልከው ወደ ምሰሶው ዘረጉ። ከውሃው አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ኮንክሪቱ ላይ፣ በምስማር የተጫረ አግድም መስመር አለ። ያን ሁሉ ዓመት ስመላለስ አይቼው አላውቅም። የምርኩዙ ጫፍ እየተንቀጠቀጠ መስመሩን ነካው።

«ይቺን ካለፈ» አሉ «ሸሸር ገብቷል።»

ስልኬን አውጥቼ ሜትር ለመለካት የሚረዳኝን ነገር መፈለግ ጀመርኩ። እሳቸው ግን ገና ምርኩዙን አላነሱም፤ ውሃው እስኪደርስ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።